ዐይን ይዋሻልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



«በዐይኔ በብረቱ አየሁት» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህ ቃል ከተነገረ ክርክር ይዘጋል፤ ሽማግሌም ዳኛም ጆሮውን ይሰጣል። የሰማ ሰው ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል፤ ያየ ግን አይቷል እንላለን። ነገር ግን ዐይን ራሱ የሌለውን እንዳለ፣ አንዱንም ሌላ አስመስሎ የሚያሳይበት ጊዜ መኖሩን ስናስብ ይህ ትምክህታችን ይናወጣል።

ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ እንዳይመስለን፤ በሁለት በኩል ይነካናል። በመጀመሪያ ደረጃ፣ በየትምህርት ገበታውና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲህ የሚል አሳብ እንሰማለን፤ «የሰው የስሜት ሕዋሳት ያታልላሉ። ስለዚህ አየን፣ ዳሰስን ያሉት ሐዋርያትም ተታለው ሊሆን ይችላል።» በዚህ አሳብ ልባቸው የተናወጠ ጓደኞች አሉን። በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ እኛው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለን ወጣቶች፣ በዐይናችን ያየነውን ብቻ ይዘን በወንድማችንና በእኅታችን ላይ ስንፈርድ እንገኛለን። አንደኛው ወገን ዐይንን ከቶ አያምነውም፤ ሁለተኛው ወገን ከልክ በላይ ያምነዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም የሚስቱት በአንድ ነገር ነው፤ ማየትንና መፍረድን ባለመለየታቸው ነው። የዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ልዩነት ማሳየት ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ቋንቋ ነገሩ ምትሐት ይባላል። ምትሐት ማለት በእውነት የሌለው እንዳለ ሆኖ፣ ወይም ያለው ያልሆነውን መስሎ መታየቱ ነው። ምትሐት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ስላልሆነ እንደ አመጣጡ በሦስት ከፍለን እንመልከተው።

ሀ. ከብርሃን የሚመጣ

ቀጥ ያለ በትር ግማሹን ውሃ ውስጥ ብናስገባው የተሰበረ መስሎ ይታየናል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። በአየር ውስጥ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው ብርሃን በውሃ ውስጥ ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህም ከውሃው ወደ አየር በጎን ሲወጣ አቅጣጫው ይታጠፋል።

ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው የቆላ መንገድ በቀትር የተጓዘ ሰው ደግሞ ከፊቱ አስፋልቱ ላይ ውሃ የተኛ መስሎ ያያል። መኪናው ሲቀርብ ውሃው ይሸሻል፤ ደርሶበትም አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1798 ከናፖሊዮን ጦር ጋር ወደ ግብፅ የሄደው ጋስፓር ሞንዥ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ፣ የተጠሙት ወታደሮች በበረሃው ላይ ያዩትን ይህንኑ ውሃ መሳይ ነገር መርምሮ ምክንያቱን አስረድቷል። ከጋለው መሬት አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው አየር ይልቅ የሞቀና የሳሳ ስለሆነ፣ ከሰማይ ወደ መሬት የሚወርደው ብርሃን ወደ ላይ ይታጠፍና ወደ ዐይናችን ይመጣል። ስለዚህ መንገዱ ላይ የምናየው ውሃ የሰማይ ቁራጭ ነው ማለት ይቻላል።

ልብ በሉ! ይህን ውሃ መሳይ ነገር የፎቶግራፍ መሣሪያም ያነሣዋል። መሣሪያ አይመኝም፣ አይጠማም፤ የደረሰውን ብርሃን ብቻ ይቀበላል። ዐይናችንም ያደረገው ይህንኑ ነው። ብርሃኑን አምጥቶ አስረከበን፤ «ውሃ ነው» ያልነው ግን እኛ ነን።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 3 የተጻፈው የሞዓባውያን ታሪክ ለዚህ ታላቅ ምሳሌ ነው። የእስራኤል፣ የይሁዳና የኤዶም ነገሥታት ሞዓብን ሊወጉ ሲሄዱ ውሃ አጥተው ተጨነቁ፤ በነቢዩ በኤልሳዕ ቃል መሠረትም ሸለቆው በጠዋት ውሃ ሞላ። ሞዓባውያን ማልደው ተነሥተው ከማዶ ሲመለከቱ ፀሐይ በውሃው ላይ ወጥታ ነበርና ውሃው እንደ ደም ቀልቶ ታያቸው። እስከዚህ ድረስ ያለው ማየት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ያለ አንዳች ምርመራ ፍርድ በፍርድ ላይ ደረቡ፤ ይህ ደም ነው አሉ፤ ደም ከሆነ ነገሥታቱ እርስ በርሳቸው ተላልቀዋል አሉ፤ ከተላለቁ ምርኮው የእኛ ነው አሉ። ለምርኮ ብለው ተዘናግተው ወደ ሰፈሩ ሲገቡ በሕይወት ያለ ጦር ተነሥቶ መታቸው። ያጠፋቸው የውሃው መቅላት ነውን? አይደለም። መቅላቱን ያለ ማጣራት ደም ማለታቸው ነው። የጠላታቸውን መተላለቅ ይመኙ ስለነበር ምኞታቸው ፍርዱን አፋጠነው።

ለ. ከአእምሮ የሚመጣ

ሁለተኛው ዓይነት ከውጭ የሚመጣ አይደለም፤ በራሳችን ውስጥ ነው። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሞክሩት። እያንዳንዳቸው 10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት መስመሮች አንዱን ከሌላው በታች አሥምሩ። በላይኛው መስመር በሁለቱ ጫፎች ላይ ወደ መስመሩ የሚመለሱ አጫጭር ክንፎች እንደ ቀስት ራስ አድርጋችሁ ሣሉ። በታችኛው ጫፎች ላይ ደግሞ ክንፎቹ ወደ ውጭ የተከፈቱ ይሁኑ። የታችኛው የረዘመ ሆኖ ይታያችኋል። ይህን ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1889 ያሳተመው ሙለር ላየር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ነው።

የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። መስመሮቹን ራሳችሁ ለክታችሁ ሣላችሁ፤ እኩል መሆናቸውን ታውቃላችሁ፤ ደግማችሁ በማስመሪያ ብትለኩም ያው 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀና ብላችሁ ስታዩት ግን አሁንም የታችኛው ይረዝማል! ዕውቀት ዐይንን አላስተካከለውም። ዕውቀት ያስተካከለው ፍርዳችሁን ብቻ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ የሚታየን ነገር እንዴት እንደሚታየን በሥልጣናችን እንዳልሆነ፣ የምንፈርደው ግን በሥልጣናችን እንደሆነ ነው። ሰው የሚጠየቀውም በሥልጣኑ ባለው ነገር ነው።

ጨረቃም በአድማስ ላይ ስትወጣ ታላቅ፣ ወደ ሰማይ መካከል ስትደርስ ታናሽ ሆና ትታያለች። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንዲት ሽምብራ በሁለት ጣቶቻችሁ ብትይዙ በሁለቱም ጊዜ ጨረቃዋን ትሸፍናታለች፤ መጠኗ አልተለወጠም። በ11ኛው መቶ ዓመት በካይሮ ይኖር የነበረው ኢብን አል ሃይሰም የተባለ የብርሃን ሊቅ ይህ ልዩነት ከጨረቃዋ ሳይሆን አእምሮ ስለ ርቀቷ ከሚሰጠው ግምት የሚመጣ መሆኑን ጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበረው ጀርመናዊው ሄልምሆልትስም ማየት ማለት ሳይታወቀን የምናደርገው ፍርድ ያለበት ነገር ነው ሲል አስተምሯል።

እ.ኤ.አ. በ2015 በኢንተርኔት የተሠራጨ የአንድ ቀሚስ ፎቶግራፍ ነገሩን ለዓለም ሁሉ ግልጽ አድርጎት ነበር። አንድ ሥዕል አብረው እያዩ ግማሹ ሰው «ሰማያዊና ጥቁር ነው» ሲል ግማሹ «ነጭና ወርቃማ ነው» አለ። ቀሚሱ ሰማያዊና ጥቁር ነበር። አእምሮ የጨርቁን ቀለም ለማወቅ በምን ዓይነት ብርሃን ሥር እንዳለ አስቀድሞ መገመት አለበት፤ ግምታቸው ስለተለያየ ያዩትም ተለያየ። ነጭ ነው ያሉት ተሳሳቱ እንጂ አልዋሹም። በዚህ ምክንያት ጓደኛሞች እንደተከራከሩ፣ አንዱም ሌላውን እንደሚቀልድበት እንደቆጠረው እናስታውሳለን። ከእኛ ጋር ያልተስማማውን ሁሉ ውሸታም ማለት ምን ያህል ቀላል ነው!

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚከተለው ነው። በነጭ ወረቀት ላይ በስተግራ ትንሽ መስቀል፣ ከእርሱ በስተቀኝ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቃችሁ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አድርጉ። ግራ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ በቀኝ ዐይናችሁ መስቀሉን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ቀስ እያላችሁ አቅርቡ። 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ነጥቡ ይጠፋል። በያንዳንዱ ዐይናችን ውስጥ፣ የማየት ጅማት በሚወጣበት በኩል፣ ብርሃን የማይቀበል ሥፍራ ስላለ ነው። ነገር ግን በዚያ ሥፍራ ቀዳዳ ወይም ጨለማ አይታያችሁም፤ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ነው የሚታያችሁ። አእምሮ የጐደለውን በዙሪያው ባለው ነገር ሞልቶ ያቀርብልናል። ስለዚህ የማናየው ነገር መኖሩ ብቻ አይደለም፤ አለማየታችንንም አናውቀውም።

ሐ. ከልብ የሚመጣ

ሦስተኛው ዓይነት ከፍርሃት፣ ከምኞትና ከአሳብ መያዝ የሚወለድ ነው። አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። ልጡ አልተንቀሳቀሰም፤ ብርሃኑም አልተጣመመም። እባቡ ያለው በሰውየው ፍርሃት ውስጥ ነው።

አሳብ ሲያዝም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይመንስና ሻብሪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ተመልካቾች በፊልም ላይ ኳስ የሚቀባበሉ ሰዎችን እያዩ ቅብብሉን እንዲቆጥሩ አደረጉ። በመካከሉ የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው በተጫዋቾቹ መካከል ያልፋል። ቈጠራው ላይ የነበሩት ተመልካቾች ግማሽ ያህሉ ጎሪላውን አላዩትም። ዐይናቸው ክፍት ነበር፤ ልባቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር።

በዚህ ረገድ የደረሰ አንድ አሳዛኝ ታሪክ እነሆ። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ጄኒፈር ቶምፕሰን የምትባል የ22 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ በሌሊት ቤቷ በገባ ሰው በክብሯ ላይ ግፍ ተፈጸመባት። በሕይወት ከተረፍሁ ለፍርድ አቀርበዋለሁ ብላ መልኩን ሆን ብላ አጠናችው። በኋላም ፖሊስ ካሳያት ፎቶግራፍና ካሰለፋቸው ሰዎች መካከል ሮናልድ ኮተን የተባለውን መረጠች፤ በፍርድ ቤትም ያለ ጥርጥር መሰከረችበት። ሰውየው ከ10 ዓመት በላይ ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ1995 የዘር ቅንጣት ምርመራ ሲደረግ ወንጀሉን የፈጸመው ሌላ ሰው መሆኑ ተረጋገጠና ነጻ ወጣ። እርስዋ አልዋሸችም። የደረሰባት ግፍም እውነት ነበር። ግን ያየችው ፊትና በኋላ የመረጠችው ፊት በአእምሮዋ ውስጥ አንድ ሆነው ነበር። ሁለቱ ኋላ ተገናኝተው ይቅር ተባብለዋል፤ ሌሎች በእንዲህ ያለ ምስክርነት እንዳይጎዱም አብረው ሲያስተምሩ ቆይተዋል። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው የልብ እርግጠኛነት የእውነት ማረጋገጫ አለመሆኑን ነው።

መ. እንግዲያው ሁሉ ምትሐት ነውን?

ከዚህ በላይ የተባለውን ይዞ «እንግዲህ ምንም ነገር አይታመንም» የሚል ወንድም ይኖር ይሆናል። ጥቂት ይታገሠን። በትሩ ቀጥ ያለ መሆኑን በምን አወቅን? በእጃችን ዳስሰን፣ ከውሃው አውጥተን አይተን ነው። መስመሮቹ እኩል መሆናቸውንስ? በማስመሪያ ነው፤ የማስመሪያውን ቁጥር ያነበብነውም በዚያው በዐይናችን ነው። የስሜት ሕዋሳት እንደሚያታልሉ የሚያስረዳን ሰው ይህን ያወቀው በስሜት ሕዋሳቱ ነው። ሐሰተኛ የብር ኖት የሚለየው እውነተኛው ስላለ ነው፤ ሁሉ ሐሰተኛ ቢሆን ኖሮ «ሐሰተኛ» የሚለው ቃል ራሱ ትርጕም አይኖረውም ነበር።

ምትሐት የሚያዘውና የሚጋለጠው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ በሌላ የስሜት ሕዋስ፣ ሁለተኛ በሌላ ሰው ምስክርነት፣ ሦስተኛ በሌላ ጊዜ ነው። አሁን ሐዋርያትን በዚህ እንመዝናቸው። ሐዋርያት ምትሐት የሚባል ነገር መኖሩን የማያውቁ የዋሃን አልነበሩም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታችን በሌሊት በባሕር ላይ ሲሄድ ባዩት ጊዜ በመጀመሪያ ያሉት ምትሐት ነው ብለው ነው። ከትንሣኤው በኋላም በመካከላቸው ሲቆም መንፈስ መስሏቸው ደነገጡ። ጌታችን ግን ዝም ብላችሁ ተቀበሉ አላላቸውም፤ እጁንና እግሩን አሳያቸው፣ እንዲዳስሱት ፈቀደላቸው፣ በፊታቸውም በላ። ዐይን ብቻ ሳይሆን እጅና ጆሮም መሰከሩ። በዚያ ያልነበረው ቶማስ ሳላይና ሳልዳስስ አላምንም ቢል አልተባረረም። የታየውም ለአንድ ሰው በአንድ ምሽት አይደለም፤ በ40 ቀን ውስጥ በልዩ ልዩ ቦታ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በአንድ ጊዜ ከ500 ለሚበዙ ወንድሞች እንደታየና አብዛኞቹ በዚያን ጊዜ በሕይወት እንደነበሩ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። ይህ ማለት ሄዳችሁ ጠይቋቸው ማለት ነው።

ይህን ስል ሃይማኖት በማስመሪያ ተለክቶ የሚያልቅ ነው ማለቴ አይደለም፤ እምነት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ነገር ግን «ዐይን አንዳንድ ጊዜ ይስታል» ከሚለው ተነሥቶ «እነዚህ ምስክሮች ስተዋል» ወደሚለው መዝለል ማስረጃ የሌለው ዝላይ ነው። የሞዓባውያን ዝላይ ነው። አባቶቻችንም የጌታችን ሥጋ ምትሐት ነው ያሉትን መናፍቃን አጥብቀው የተቃወሙት፣ ሥጋው እውነተኛ ካልሆነ ልደቱም፣ ሕማሙም፣ ሞቱም፣ ትንሣኤውም ለእኛ መዳኛ ስለማይሆን ነው።

ሠ. ታዲያ ምን እናድርግ?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 ሐና በእግዚአብሔር ቤት ቆማ ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም ነበር። ካህኑ ዔሊ አያት። የከንፈሯ መንቀሳቀስም፣ የድምፅዋ አለመሰማትም እውነት ነው፤ ዐይኑም ጆሮውም አልሳቱም። እርሱ ግን ሰክራለች ብሎ ፈረደ። ቦታው ቤተ መቅደስ፣ ፈራጁም ካህን ሆኖ ሳለ፣ በጸሎት የምትቃጠል ነፍስ ሰካራም መስላ ታየች! የሚያስመሰግነው ግን ሐና ስታስረዳው ዔሊ ክብሬ ይነካል ብሎ አለመከራከሩ ነው። ወዲያው ፍርዱን ለውጦ በሰላም ሂጂ ብሎ መረቃት።

እኛስ? እንበል አንድ የመዘምራን አባል ከጠጅ ቤት ሲወጣ ታየ። ይህ ማየት ነው። «መጠጥ ጀመረ» የሚለው ግን ፍርድ ነው። ምናልባት የታመመ አባቱን ሊያመጣ ገብቶ ይሆናል። አንዲት እኅት ሦስት እሑድ ከጉባኤ ቀረች። ይህ ማየት ነው። «ቀዝቅዛለች» ማለት ፍርድ ነው። ምናልባት እናትዋ የአልጋ ቁራኛ ሆነው ይሆናል። እኛ ግን ጐደሎውን በራሳችን ግምት ሞልተን ለሌላው እናወራለን፤ ያ ሰው ሲያወራ ግምቱ ራሱ «የታየ ነገር» ይሆናል። ዐይነ ሥውር የሆነው የዐይናችን ሥፍራ ራሱን በነጭ ወረቀት እንደሚሞላ ልባችንም ይሞላል፤ የሚሞላው ግን ብዙ ጊዜ በጥቁር ነው። በዚህ ሰበብ ከዐውደ ምሕረት ርቀው የቀሩ ስንት ወጣቶች አሉ?

«እንግዲያው ክፉ ሲሠራ እያየን ዝም እንበል?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የተበደለ ሲጮኽ መስማት፣ ያየም መመስከር ይገባዋል። የተጻፈው ሕግም ምስክርን አልከለከለም፤ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና አዘዘ እንጂ። ስለዚህ ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ስንመሰክር ያየነውን እንናገር፤ ከዚያ የገመትነውን ግን ግምት መሆኑን እንግለጽ። ሁለተኛ፣ ለሌላው ከመናገራችን በፊት ባለ ጉዳዩን ራሱን እንጠይቅ፤ የሰው ልብ ማስመሪያው ጥያቄ ነውና። ሦስተኛ፣ ጊዜ እንስጥ፤ ዛሬ የቀላው ውሃ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ውሃ መሆኑ ይታያል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ጌታችን በቤተ ሳይዳ የፈወሰው ዐይነ ሥውር በመጀመሪያው ዳሰሳ ጥርት አድርጎ አላየም፤ ሰዎቹ ዛፍ መስለው ታዩት። ይህ ሰው ዛፎች አሉ ብሎ አልፈረደም፤ ምንም አይታየኝም ብሎም አልካደም። የታየውን እንደታየው፣ ብዥ እንዳለበት ሳይደብቅ ተናገረ። ሁለተኛ የተዳሰሰውና ሁሉን አጥርቶ ያየው ከዚህ እውነተኛ ቃል በኋላ ነው። እኛም በዚህ ዓለም ሳለን ዐይናችን ገና በመጀመሪያው ዳሰሳ ላይ ነው። ያየነውን ሳንክድ፣ ያላየነውን ሳንጨምር፣ ወንድማችንን ዛፍ ነው ብለን ሳንቈርጠው፣ አጥርተን የምናይበትን ቀን በትሕትና እንጠብቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።